መቀርቀሪያ የሌለው በር

ድምፅሽ ያምራል ይሉኛል። መዘመር አልችልም፤ ማንበብ ግን እችልበታለሁ። የት ላይ ቀስ እንደሚባል፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ የት ላይ ቀና ብዬ ሕዝቡን ማየት እንዳለብኝ አውቃለሁ። በዚያ እሁድ ጠዋት ይህን ሁሉ ባላውቅ ምን ነበረበት እያልኩ እስከ ዛሬ በራሴ እበሳጫለሁ።

ነርስ ነኝ። የምሠራው በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ባለው የጎዳና ልጆች ማእከል ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በሩ ይከፈትና ልጆቹ ይገባሉ፤ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ይበላሉ፣ ይዘምራሉ፣ ቁስል ያለበት ወደ እኔ ክፍል ይመጣል። በቀሩት ቀናት የልጆቹን ቤተሰብ ፍለጋ እንወጣለን። እያንዳንዱ ልጅ ፋይል አለው። በፋይሉ ውስጥ ልጁ የተናገረው፣ ቤተሰቡ የተናገረው፣ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድም በእጅ ተስሎ ይቀመጣል። ልጁ አድጎ ሲወጣ ፋይሉ ይዘጋል፤ ስሙ በጥቁር ቀለም ይደለዝና ቁጥሩ ብቻ ይቀራል። ነገ ሰው ሲሆን ማንም ያለፈውን እያነሳ እንዳያሸማቅቀው ነው። ደንቡን ያወጣው አባቴ ነው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ የማእከሉ ሰብሳቢ፣ የሁለት ፋርማሲ ባለቤት ነው። ማእከሉን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ በርሜል ውሃና በአንድ ካርቶን ሳሙና ሲጀምር እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ተንበርክኮ የማያውቃቸውን ልጆች እግር ሲያጥብ አይቼ ነው ያደግሁት። ከዚህ የሚበልጥ አባት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የምወደውን ሰው ደግሞ ልጆቹ «ሚስማር» ይሉታል። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ፣ ሲሠራም ከከንፈሩ መሀል ሚስማር ጠፍቶ ስለማያውቅ። አናጢ ነው። ተደራራቢ አልጋ ሊሠራልን ለአንድ ወር መጥቶ ስምንት ወር ቆየ። ወጥ ቤቷ ድስቷን እያማሰለች «ይሄ ልጅ የሚሠራው አልጋ ነው ወይስ የኖኅን መርከብ?» ብላ ትስቅብኝ ነበር። በእሱ ሳይሆን በእኔ፤ የምታውቀውን ታውቅ ነበርና።

ሥራ ሲበዛብን በብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ጀርባ፣ በዚያ ወፍራም የአናጢ እርሳሱ፣ አንድ ሁለት መስመር ጽፎ የፋሻ ሳጥኔ ውስጥ ይጥልልኛል። «ዛሬ ሦስት ጊዜ ሳቅሽ። አራተኛውን ለእኔ አስቀምጪው።» እንዲህ ዓይነቱን። ሃያ ሦስት ቁራጭ ወረቀት አለኝ፤ አንዱም አልጠፋብኝም።

ስለ እናቱ ብዙ አያወራም። ከነገረኝ አንድ ቀልድ በቀር። «የአናጢ እናት ሆና በሯ መቀርቀሪያ የለውም። በድንጋይ ደግፋው ነው የምትተኛው። ልግጠምልሽ ባልኳት ቁጥር ተወው ትለኛለች። ሥራዬን ሳታምነው ቀርታ ይሆን?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያው ሳቁን ተወና «እሁድ ይዣት እመጣለሁ። ከአባትሽ ጋር ትተዋወቃለች። ቤተ ክርስቲያን ከረገጠች ብዙ ዘመኗ ነው፤ እሺ ያለችኝ ለአንቺ ብላ ነው። ከተዋወቃችሁ በኋላ ደግሞ የምነግርሽ ነገር አለ» አለኝ።

«አሁን ንገረኝ።»

«መጀመሪያ እሷን እያት» አለኝ። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት እንደነበረ ያየሁ ይመስለኛል። የፍቅር ነው ብዬ አለፍኩት።

ያ እሁድ ማእከሉ ለምእመናኑ የዓመቱን ሪፖርት የሚያቀርብበት ቀን ነበር። ልማዳችን ነው፤ ከሪፖርቱ ቀጥሎ ከተዘጉት ፋይሎች የአንድ ልጅ ታሪክ ያለ ስም ይነበባል። ረቡዕ ዕለት አባቴ አንድ የደበዘዘ ፋይል አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አርባ አንድ ቁጥር። «ዘንድሮ ይህን አንብቢው» አለኝ። የእጅ ጽሑፉ የራሱ፣ የወጣትነቱ ነበር። ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜ አለቀስኩ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት።

መድረኩ ላይ ስወጣ ሚስማርንና እናቱን አየኋቸው። ከኋላ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። እናቱ አጭር ሴት ናቸው፤ የተተኮሰ ነጠላ አድርገው ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። እሱ ከአንገቱ ዘንበል ብሎ ወደ እኔ እያሳየ የሆነ ነገር ሹክ አላቸው። ፈገግ አሉ። በዚያ ፈገግታ ደስ ብሎኝ ነው ማንበብ የጀመርኩት።

«ዘጠኝ ዓመቱ ነበር» አልኩ። «በዚያ ሌሊት እናቱ አስወጣችውና በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። አንድ እግሩ ባዶ ነበር። የቀረችውን ጫማ አውልቆ በሩን በእሷ አንኳኳ። ቢያንኳኳ፣ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አጣ። እናቱ ድምፁን ላለመስማት ሬዲዮኑን ጮክ አደረገችው።»

እዚህ ጋ ዝም አልኩ። እንደተለማመድኩት። ከፊት ያሉ ሴቶች አፍንጫቸውን ሲስቡ ይሰማኛል። ከዚያ እንደተለማመድኩት ቀና አልኩ።

እሱ እያየኝ ነበር። ያን ዓይን አላውቀውም። እናቱ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ተነሱ፤ ማንንም ሳያዩ፣ የማንንም ጉልበት ሳይነኩ ከረድፉ ወጥተው ወደ በሩ ሄዱ። እሱ ተከተላቸው። ያኔ ገባኝ። ከአናቴ እስከ እግሬ ነው የገባኝ። አፌ ግን አላቆመም፤ የቀረውን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ስጨርስ ሰዉ አጨበጨበልኝ፤ ያንን ጭብጨባ አሁንም እጠላዋለሁ።

ቤት እንደገባን ምሳ ቀረበ። አባቴ ጸለየ። አሜን ሳልል ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ፋይሉ የማን ነው?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። አባቴ መዋሸት አይችልበትም፤ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው።

«ስሙ ተደልዟል» አለ።

«የጻፍከው አንተ ነህ።»

«ነኝ።»

«ታውቀው ነበር ማለት ነው። ስምንት ወር ሙሉ ግቢያችን ውስጥ እንጨት ሲልግ እያየኸው።»

«የመጣ ቀን ነው ያወቅሁት። እሱም አወቀኝ። ሁለታችንም ዝም አልን።»

«ታዲያ ይህን ፋይል ለእኔ የሰጠኸኝ ለምንድን ነው?»

እጁን በፎጣ ጠረገ። ያልቆሸሸ እጅ ነበር። «አንብበሽ ስትጨርሺ ማን እንደሆነ ልነግርሽ ነበር። ልታገቢው እንደምታስቢ አይቻለሁ፤ ከምን ዓይነት ቤት እንደወጣ አውቀሽ እንድትወስኚ። እናቱ እዚያ እንደምትቀመጥ አላወቅሁም፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። ልጁን እወደዋለሁ፣ እግሩን በእጄ ያጠብኩት ልጅ ነው። ግን የኔ ልጅ፣ ማገልገል ሌላ ነው፣ ማግባት ሌላ።»

ይህን ሲል ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። ስለ መድኃኒት ዋጋ እንደሚያወራ ዓይነት ነው የተናገረው። በየዓመቱ ከመድረክ ላይ «እነዚህ ልጆች ልጆቻችን ናቸው» ሲል የሰማሁት ይኸው አፍ ነው።

«ልጆቻችን ናቸው ስትል እኮ አምኜህ ነበር» አልኩት።

ምግቡን ትቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ብጠላው ይቀለኝ ነበር። የሚያስለቅሰኝ አለመጥላቴ ነበር።

ሰኞ ሚስማር ሥራ አልገባም። ማክሰኞ የመታጠቢያ ቀን ነው፤ ግቢው በልጆች ጫጫታ ተሞልቷል። እኔ «ጥያቄ» የምንላትን የሰባት ዓመት ልጅ እግር እያጠብኩ ነበር። ስሟን ያገኘችው በሥራዋ ነው።

«ሲስተር፣ ይህን እግሬን ለምን ሁለቴ አጠብሽው?»

«ቆሽሾ ነው።»

«ንጹህ ነው እኮ። ሚስማርስ ዕቃውን ለምን ይሰበስባል?»

በመስኮቱ አየሁ። እውነቷን ነው። ፋሻውን አስሬ እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም፤ ጓንቴን ሳላወልቅ ነው የወጣሁት።

መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየጠረገ ወደ እንጨት ሳጥኑ ይከታል። መሮውን፣ መላጊያውን፣ መጋዙን። ቀና አላለም።

«አልጋዎቹ አላለቁም» አልኩት። ከዚህ የባሰ የሞኝ ንግግር የለም።

«አራት ናቸው የቀሩት። እንጨቱን ቆርጬ ቁጥር ጽፌበታለሁ። ማንኛውም አናጢ ይገጥመዋል።»

«አንተ መሆንህን አላወቅሁም። ስሙ ተደልዟል። በልጅነቴ አይቼህ ከነበረም አላስታውስህም።»

«አምንሻለሁ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር፤ አምንሻለሁ እያለ እጁ ከሥራው አልቆመም።

«ካመንከኝ ለምን ትሄዳለህ?»

መላጊያውን እንደያዘ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። «ያንን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለአባትሽ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እግሬን እያጠበልኝ ነው የነገርኩት። ከዚያ በኋላ ለሰው አውርቼው አላውቅም። ወደ እናቴ የተመለስኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ታማለች ብለውኝ ሄድኩ። ሾርባ ሠራሁላት፣ ጠጣች። ለምን አስወጣሽኝ፣ የት ነበርክ፤ ምንም አልተባባልንም። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ኖርን። ቤት መሀል እንደተቀመጠ ትልቅ ዕቃ ዞር እያልን ነበር የምናልፈው። አንቺ እሁድ ዕለት በሦስት መቶ ሰው ፊት መብራት አበራሽበት።»

«ለእናትህ ልንገራቸው። እኔ ሄጄ ልንገራቸው።»

«እኔ እንዳወራሁላት፣ ለሰርግ ስንዶልት እሷን ቁጭ ብለን እንዳማናት ነው የሚመስላት። ላስረዳት ትናንት ሄድኩ። በሩን ገፋሁት፤ አልከፈትም አለ። ያ በር ተከልክሎኝ አያውቅም እኮ። አልጋዋን አስጠግታበታለች።» የመላጊያውን ስለት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አናጢ ነኝ። ያንን በር ከማጠፊያው ለመንቀል ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል። እጄ እንቢ አለኝ። ልክ እንደዚያ ልጅ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።»

ልነካው እጄን ዘረጋሁ። ጓንቱ ትዝ አለኝና መለስኩት።

«እሷ ካልከፈተችልኝ አንቺን አላገባሽም» አለኝ። «ስለማልወድሽ አይደለም። አንቺን በያዝኩ ቁጥር እሷን የሸጥኳት ይመስለኛል። አንድ ጊዜ አጥቻታለሁ። ሁለተኛ አልችልም።»

ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ በልጆቹ መሀል አለፈ። «ሚስማር! ሚስማር!» ይሉታል። አልዞረም። ክፍሌ ስገባ የፋሻ ሳጥኔን ከፈትኩ፤ ሃያ አራተኛው ወረቀት እዚያ ነበር። «ድምፅሽ በእውነት ያምራል። የሌላ ሰው ድምፅ ቢሆን ኖሮ እስከ መጨረሻው እሰማው ነበር።» ይላል። ጥያቄ እግሯን እያወዛወዘች ትመለከተኛለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፋይል አርባ አንድን ከመደርደሪያው አወጣሁ። መጀመሪያ ሳነበው ያለፍኩት ገጽ ነበረ። ከላይ «የቤተሰብ ቃል» ይላል። ገጹ ባዶ ነው። ከግርጌው አባቴ «እናት ተፈልጋ አልተገኘችም» ብሎ፣ ቀንና ሰዓት ጽፎ ፈርሟል። ከዚያ ገጽ በኋላ አባቴ የሳለው ካርታ አለ። ፋይሉን በቦርሳዬ ይዤው ወጣሁ።

ካርታው አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ወፍጮ ቤት የሚለው ቦታ ላይ ሞባይል ይጠገናል። የውሃ ቧንቧው ግን አለ፤ ሴቶች ጄሪካን አሰልፈው ቆመዋል። ከቧንቧው በስተግራ ጠባብ መተላለፊያ፣ ሦስተኛው በር። ቤቱ አለመቀየሩ ያኔ አልገረመኝም። ሃያ ዓመት አንድ ሰው ከአንድ ክፍል ቤት ለምን አይንቀሳቀስም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።

አንኳኳሁ። ወዲያው ተጸጸትኩ፤ በሌላ በምን እንደምጠራቸው ግን አላውቅም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ። እሁድ ያነበብኩት።»

«ድምፅሽን ለየሁት። ሂጂ።»

«እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነግሬዎት። ልጅዎ ምንም አልነገረኝም። ክፉ አንስቶዎት አያውቅም። ስለ እርስዎ ከአፉ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ በርዎ መቀርቀሪያ እንደሌለው። እየሳቀ ነው የነገረኝ።»

በሩ ላይ ከጣውላዎቹ መሀል ቀጭን ክፍተት አለ፤ በእሱ በኩል የአልጋ እግርና የቀሚስ ጠርዝ ይታየኛል።

«እየሳቀ?» አሉ።

«እየሳቀ። 'የእጄን ሥራ አታምነውም' ብሎ።»

ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ከየት መጣ?» አሉኝ። «ጫማው፣ ሬዲዮው።»

«ልጅ እያለ ለአባቴ ነግሮት አባቴ ጽፎት ነው። ስም የለበትም። የማን እንደሆነ ሳላውቅ አነበብኩት። የእርስዎ ገጽ ግን ባዶ ነው እማማ። እናት ተፈልጋ አልተገኘችም ይላል።»

«መቼ መጣ አባትሽ?»

ቀኑን ነገርኳቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት።

«ጠዋት ጠዋት የት እገኛለሁ?» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን ፍለጋ ወጥቼ ነዋ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ገበያው፣ በረንዳ በረንዳውን። ለጎረቤት መልእክት ቢተው እመጣ ነበር። ስንት ቀን መጣ?»

ፋይሉን አገላበጥኩ። ሌላ ቀን አልተጻፈም። «አንድ ቀን ብቻ።»

ከበሩ ወዲያ የአልጋው ሽቦ ሲጮኽ ሰማሁ። እሳቸውም ተቀምጠዋል። ጀርባ ለጀርባ፣ በሩ በመሀላችን።

«እስክሪብቶ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ጻፊ። ባዶውን ሙይው።»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ያን ጊዜ ከመተላለፊያው ጫፍ የእግር ኮቴ ሰማሁና ቀና አልኩ። እሱ ነው። የመሣሪያ ሳጥኑን ትከሻው ላይ ይዟል፤ ሰኞ እጁ እንቢ ቢለውም እንደገና ሊሞክር መጥቷል። እኔን ሲያይ ደነገጠ። እጄን አነሳሁ፤ ና ለማለት ይሁን ቁም ለማለት እኔም አላውቅም። ቆመ።

ዝም ብል መናገራቸው አይቀርም፤ እሱም መስማቱ አይቀርም። ምናልባት ሁሉም ነገር በዚያው ይቃና ነበር። ግን እሁድ ያደረግሁት ይኸው ነበር፤ የሰውን ጉድ ባለቤቱ ሳይፈቅድ በሌላ ጆሮ ማፍሰስ። ብፈልግም ሁለተኛ አልችልም ነበር።

«እማማ፣ ከመናገርዎ በፊት» አልኩ። «ልጅዎ መጥቷል። እዚህ ቆሟል። ይሂድ ካሉ ይሄዳል።»

ቧንቧው ጋ አንዲት ሴት ጄሪካኗን ስታስቀምጥ ተሰማ።

«ይስማ» አሉ።

ጻፍኩ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩት።

«በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እሱን እንዳትሰርዢው። አባቱ ከሞተ በኋላ አብሮኝ የኖረ ሰው ነበር። ልጁን ይመታው ነበር። ያን ሌሊት ጠጥቶ መጣና ወይ እሱ ወይ እኔ አለ። ይገድልብኛል ብዬ ፈራሁ። ልጁን አስወጥቼ ቀረቀርኩ። ሰውየው ተከትሎት እንዳይወጣ ነው እያልኩ ራሴን አታልያለሁ፤ እውነቱን ከሆነ ግን ለራሴም ፈርቻለሁ። ይህንንም ጻፊ። ሬዲዮኑን ጮክ ያደረገው ሰውየው ነው። እኔ ግን አልቀነስኩትም። ይህንንም።»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ቀደደው። ቀጠልኩ።

«ሲነጋ ከፈትኩ። ጫማዋ ነበረች፣ ልጄ አልነበረም። ያኔውኑ መቀርቀሪያውን በቢላዋ ነቀልኩት። ሰውየው በሦስተኛው ቀን መቀርቀሪያ በሌለው ቤት አልተኛም ብሎ ሄደ። እኔ ተኛሁበት። ዘጠኝ ዓመት ተኛሁበት። ድንጋዩን የመረጥኩት አንድ ልጅ ገፍቶ የሚያንቀሳቅሰው እንዲሆን አድርጌ ነው። በማንኛውም ሰዓት ቢመጣ ገፍቶ እንዲገባ። ሁለተኛ እንዳያንኳኳ።»

ከኋላዬ የመሣሪያ ሳጥኑ መሬት ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። እሱ አጠገቤ መጣና ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ።

«እማዬ» አለ። «ከተመለስኩ በኋላስ? ልግጠምልሽ ስልሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ 'ልግጠም ወይ' ትላለህ እንጂ 'ለምን የለውም' ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ያችን ጥያቄ ስጠብቅ ኖርኩ።»

«እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነዋ።»

«እኔም እንዳልፍር ብዬ ነዋ።»

ከዚያ እሱ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ታዲያ ዛሬ ለምን ዘጋሽብኝ?» አለ።

«በምን ዓይኔ ልይህ?»

አላንኳኳም። አልገፋም። ሁለት እጆቹን በሩ ላይ ዘርግቶ ቆመ። የአናጢ እጅ ነው፤ የተሰነጠቀ፣ ጥፍሩ የጠቆረ፣ እንጨት ሲነካ የሚያውቅ። ሳለቅስ እንደቆየሁ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የአልጋው እግር መሬቱን ፋቀ። አንዴ፣ ቆመ፣ እንደገና። በሩ የመዳፍ ያህል ተከፈተ፤ ከዚያ ሙሉውን።

እናቱ በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። አቅፎ ከመሬት ሊያነሳቸው ሲል ቆይ አሉትና ጨርቁን ፈቱ። የዛገ መቀርቀሪያና አራት ብሎኖች። ሃያ ዓመት አስቀምጠውታል።

«ግጠመው» አሉት።

ተንበረከከ። ካቻቢቴውን አወጣ። አሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ሰፍተው ብሎኑ አልይዝ አለው፤ ክብሪት ሰባብሮ እየሞላ፣ ዓይኑን በክርኑ እየጠረገ ገጠመ። በየመሀሉ እናቱ ፀጉሩ ላይ የወደቀውን የእንጨት ብናኝ ያራግፉለታል። ብናኙ ሲያልቅም ማራገፋቸውን አላቆሙም።

እኔ ውጭ ነበርኩ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ልሄድ ተነሳሁ። የመጣሁበትን ጨርሻለሁ። ከዚህ በላይ የማገኘው የማይገባኝ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

«ወረቀቱን ለአባትሽ ስጪው» አሉኝ ከውስጥ። «ያኔ ሳይጠይቀኝ የሄደውን አሁን ያንብበው። ጮክ ብሎ አይደለም፤ ለራሱ።»

«እሰጠዋለሁ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

ትክ ብለው አዩኝ። እሱ ከተንበረከከበት አንገቱን አዞረ፤ ከእሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀው ዓይኑ ነበር። ከከንፈሩ መሀል ብሎን አለ፤ መናገር አልቻለም። እናቱ ተናገሩለት።

«ደጅ ምን ትሠሪያለሽ? ልጄ ሊሞክረው ነው። ግቢ እንጂ።»

ገባሁ። አባቴ ገና አለ። ማግባት ሌላ ነው ያለው ቃል ገና አለ። እሱን ማታ እጋፈጠዋለሁ፤ ያኔ ግን ስለ ማታ አላሰብኩም። ብናኝ ያለበት እጅ እጄን ፈልጎ ሲይዘኝ ነበር የማስበው።

በሩን ዘጋ። መቀርቀሪያውን እናቱ ራሳቸው ገፉት። ትንሽ ተንቋቋና ገባ። ሦስታችንም ሳንነጋገር ጆሯችንን ጣል አድርገን አዳመጥን።

የሚያንኳኳ ማንም አልነበረም።